በርካሽ ኮንደንሰር ማይክ ጥርት ያለ ድምፅ መቅዳት፦ ደረጃ በደረጃ

ብዙ ሰው ትልቅ ዲያፍራም (ድምፅ ሲያርፍበት የሚንቀጠቀጥ ስስ ሽፋን) ያለው ኮንደንሰር ማይክ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ ስሜቱ ስል የሆነ ማይክ፣ ይገዛል፤ ሰክቶ ይቀዳል፤ መልሶ ሲሰማው ቅር ይለዋል። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ከኋላው «ሽሽሽ» የሚል ነገር አለ። «ፐ» ባለ ቁጥር ጆሮ ይመታል። ከዚያ «ርካሽ ስለሆነ ነው» ይልና ውዱን ለመግዛት ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራል።

ገንዘባችሁን ያዙ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማይኩ አይደለም። ማይኩ ከራሱ የሚያወጣውን «ሽሽሽ» ብቻ እንይ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጸጥታው ይጨምራል። ስመ ጥሩ የስቱዲዮ ማይክ ኖይማን ዩ87 ኤአይ 12 ዲሲቤል ነው። ዋጋው የዚያን ሩብ እንኳ የማይሞላው ሮድ ኤንቲ1 4 ዲሲቤል ነው። ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲ2035 ደግሞ 12። በዚህ በኩል ርካሾቹ አያሳፍሩም። ቀረጻውን የሚያበላሸው ክፍሉ፣ አቀማመጡና የጌይን ልኩ፣ ማለትም የማይኩን ድምፅ የምታጎሉበት መጠን፣ ነው።

መመሪያው ለሰው ድምፅ ነው፤ ለዘፈን፣ ለትረካ፣ ለፖድካስት። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ክፍሉን ሳታስተካክሉ ጌይን ላይ ብትደክሙ ልፋቱ ብቻ ይተርፋችኋል።

## ደረጃ 1፦ ዕቃችሁን ፈትሹ

እነዚህ በእጃችሁ ይኑሩ፦

- ማይኩ፣ ከነሾክ ማውንቱ (ንዝረት እንዳይደርስበት የሚይዘው ባለ ላስቲክ መያዣ)
- 48 ቮልት ፋንተም ፓወር (በማይኩ ገመድ በኩል የሚላክ ኃይል) የሚሰጥ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ሳጥን)
- ሁለቱም ጫፉ ኤክስኤልአር (ክብ፣ ባለ ሦስት እግር የማይክ መሰኪያ) የሆነ ገመድ
- የማይወዛወዝ ስታንድ
- ፖፕ ፊልተር (የአፍን ነፋስ የሚበትን፣ ማይኩ ፊት የሚቆም ወንፊት)
- ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ዝግ ሄድፎን
- ሁለት ወይም ሦስት ወፍራም ብርድ ልብስ

ሁለት ነገሮች ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል።

አንደኛው ገመዱ ነው። በጣም ርካሽ ከሆኑ ማይኮች ጋር አንድ ጫፉ ኤክስኤልአር፣ ሌላው እንደ ስልክ ጆሮ ማዳመጫ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ የሆነ ገመድ ይመጣል። እሱን ኮምፒውተር ላይ አትሰኩ። ከዚያ ቀዳዳ የሚወጣው ኃይል ከ2 እስከ 5 ቮልት ገደማ ነው። ማይኩ ቢሠራ እንኳ ድምፁ ደካማ ነው፤ እናንተ ከፍ ስታደርጉት ደግሞ «ሽሽሽ»ው አብሮ ይነሳል። ማይኩ 48 ቮልት የሚፈልግ ከሆነ 48 ቮልት ስጡት። በዚህ ድርድር የለም።

ሁለተኛው የብሎኑ ጥርስ ነው። ሾክ ማውንቱ ብዙውን ጊዜ የ5/8 ኢንች ነው፤ ስታንዱ የ3/8 ሊሆን ይችላል። ካልገጠመላችሁ በግድ አትጠምዝዙ። ሾክ ማውንቱ ውስጥ ወይም ካርቶኑ ውስጥ ትንሽ የብረት ቀለበት ፈልጉ። በሳንቲም ጫፍ ትገባለች፣ ትወጣለችም። ልኩን የምታስተካክለው እሷ ናት።

ማይካችሁ የዩኤስቢ ከሆነ ኢንተርፌሱ ውስጡ አለ። ደረጃ 4ን ዝለሉት፤ ሌላው ሁሉ እናንተንም ይመለከታል።

## ደረጃ 2፦ ክፍሉን አዘጋጁ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል። ኮንደንሰር ማይክ ክፍሉን ይሰማል። ጆሯችሁ ለምዶ የተወውን ሁሉ ማይኩ አይተወውም።

2.1 ጫጫታውን አጥፉ። ማራገቢያ፣ ፍሪጅ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ «ዝዝዝ» የሚል አምፖል። ስልኩን አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት። ፍሪጁን ስታጠፉ የበር ቁልፋችሁን ውስጡ አስቀምጡ፤ ሳታበሩት ከቤት አትወጡም። ላፕቶፑን ገመዱ እስከፈቀደ ድረስ አርቁት፤ ማራገቢያው ማይክ ላይ በደንብ ይሰማል።

2.2 አጨብጭቡ። ክፍሉ መሃል ቆማችሁ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው ኋላ «ትርርር» የሚል ጅራት ከተከተለ ባዶ ግድግዳዎች እርስ በርስ ድምፁን እየተቀባበሉት ነው። ያ ጅራት ቀረጻችሁ ላይ ይገባል። አንዴ ከገባ በሶፍትዌር አጽድቶ ማውጣት በጣም ከባድ ነው።

2.3 ቦታ ምረጡ። የክፍሉን ጥግ ተዉት፤ ጥግ ላይ ወፍራሙ ድምፅ ይከማቻል። መሃል ለመሃሉንም ተዉት። ከአንዱ ግድግዳ የክፍሉን ርዝመት ሲሶ ያህል ገባ ብላችሁ ቁሙ። አልጋ፣ ሶፋ፣ መጋረጃ፣ ልብስ የሞላበት መደርደሪያ ያለበት ክፍል ከባዶ ክፍል ይሻላል።

2.4 ብርድ ልብሱን ከጀርባችሁ ስቀሉ። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው። ስፖንጁን ከማይኩ ኋላ ይለጥፍና ጨረስኩ ይላል። እስቲ አስቡት፤ ማይኩ የሚያየው ወዴት ነው? ወደ እናንተ። ስለዚህ ከአፋችሁ ቀጥሎ በደንብ የሚሰማው ከጀርባችሁ ካለው ግድግዳ ነጥሮ የሚመጣውን ድምፅ ነው። የመጀመሪያው ብርድ ልብስ ከጀርባችሁ ይሁን። ሁለተኛው በጎን። ሦስተኛው ካለ ብቻ ከማይኩ ኋላ።

ግድግዳው ላይ አትለጥፉት። 10 ወይም 15 ሳንቲሜትር አርቃችሁ አንጠልጥሉት፤ እጥፍ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። በጨርቁና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ወፈር ያለውንም ድምፅ እንዲውጥ ይረዳዋል። 2 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ይውጥና የታፈነውን ጉርምርምታ ይተወዋል። የእንቁላል መያዣ ካርቶን ደግሞ ከነአካቴው እርሱት።

2.5 እንደገና አጨብጭቡ። ጅራቱ ከጠፋ ወደሚቀጥለው እለፉ። ካልጠፋ ቦታ ቀይሩ ወይም ብርድ ልብስ ጨምሩ። ቁም ሳጥን ከፍታችሁ ጀርባችሁን ለልብሶቹ መስጠትም ያዋጣል። ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ መዝጋት ግን አይመከርም፤ ጠባብ ሳጥን ድምፅን ያጎረምሳል።

## ደረጃ 3፦ ማይኩን ስቀሉ፣ ፊቱን ለዩ

ትልቅ ዲያፍራም ያላቸው ማይኮች አብዛኞቹ የሚሰሙት በጎናቸው ነው። መድረክ ላይ እንደሚያዘው ማይክ አናቱ ላይ አይነገርም። አናቱ ላይ ወይም ጀርባው ላይ የዘፈነ ሰው ድምፁ ሩቅና ባዶ ይሆንበታል፤ ከዚያ ማይኩን ይረግማል።

ፊቱን ለማወቅ፦

1. የድርጅቱን ምልክት ወይም ነጥብ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ያለበት በኩል ፊቱ ነው።
2. የልብ ቅርጽ ምልክት ካለ እሱም ያሳያችኋል።
3. ካልተማመናችሁ ማይኩን ሰክታችሁ (ደረጃ 4)፣ ሄድፎን አድርጋችሁ፣ እያወራችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ድምፁ ቀረብና ሞላ የሚልበት ጎን ፊቱ ነው።

ካርዲዮይድ ማይክ፣ ማለትም የልብ ቅርጽ ምልክት ያለውና በዋናነት በፊቱ በኩል የሚሰማው፣ በጀርባው በኩል ደካማ ነው። ይህን ተጠቀሙበት። ማጥፋት ያልቻላችሁት ጫጫታ፣ ለምሳሌ መንገድ ላይ ያለ መስኮት ወይም ላፕቶፕ፣ ከማይኩ ጀርባ እንዲውል አድርጉ።

ስታንዱ ባለ ክንድ ከሆነ ክንዱን ከሦስቱ እግሮች በአንዱ ትይዩ አድርጉት። እነዚህ ማይኮች ከበድ ይላሉ፤ በሁለት እግር መካከል ከተንጠለጠሉ ስታንዱ ይወድቃል። ገመዱን ክንዱ ላይ ሁለት ዙር ጠቅልሉት፤ ማንም ሰው ቢረግጠው ማይኩን ጎትቶ እንዳይጥል።

## ደረጃ 4፦ ሰክታችሁ ኃይል ስጡ

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ አታዘበራርቁት።

1. ኢንተርፌሱ ላይ ጌይኑን ወደ ዜሮ አውርዱ።
2. ስፒከሩን አጥፉ፤ ሄድፎኑን ከጆሯችሁ አውልቁ።
3. ገመዱን ማይኩ ላይ፣ ከዚያ ኢንተርፌሱ ላይ «ቀጭ» እስኪል ሰኩ።
4. የ48 ቮልቱን ቁልፍ ተጫኑ።
5. ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ።
6. አሁን ሄድፎኑን አድርጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ 48 ቮልቱ በርቶ ሳለ ገመድ አትንቀሉ፣ አትሰኩ። ድንገት የሚወጣው ምት ስፒከርንም፣ ጆሮንም፣ አልፎ አልፎ ኢንተርፌሱንም ይጎዳል። በአንዳንድ ኢንተርፌስ አንዱ ቁልፍ ለሁሉም መስኪያዎች ኃይል ይልካል። በሌላኛው መስኪያ ሪበን ማይክ (በስስ የብረት ጥብጣብ የሚሠራ) ካለ ቀድማችሁ ንቀሉት። ደህና ገመድ ያለው ዳይናሚክ ማይክ (መድረክ ላይ የሚያዘው ዓይነት) ግን ችግር የለበትም።

ኢንተርፌሱን ራሱን ኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ ሰኩ። በዩኤስቢ ማከፋፈያ በኩል ሲሄድ ኃይሉ ሊያንሰው ይችላል።

## ደረጃ 5፦ ርቀትና ማዕዘን

ከአፋችሁ እስከ ማይኩ አንድ ስንዝር። ከዚህ ጀምሩ። አውራ ጣታችሁን ከንፈራችሁ ላይ፣ ትንሿን ጣት ማይኩ ላይ አድርጋችሁ ለኩ። ፖፕ ፊልተሩ ከማይኩ አራት ጣት ያህል ይራቅ። ማይኩ ላይ የተለጠፈ ፖፕ ፊልተር ነፋሱን በደንብ አይበትነውም።

ከዚህ በኋላ በጆሮ አስተካክሉ፦

- ድምፃችሁ ከቀጠነ ትንሽ ቅረቡ። ካርዲዮይድ ማይክ ሲቀርቡት ወፍራሙን ድምፅ ያጎላል።
- ድምፃችሁ ከጎረመሰ፣ ቃላቱ ከተድበሰበሱ ሁለትና ሦስት ጣት ራቁ።
- ክፍሉ ከተሰማ ቅረቡ። ርቀቱን በግማሽ ስትቀንሱ የድምፃችሁ ጉልበት በ6 ዲሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ የክፍሉ ግን እንደነበረ ይቆያል።

አሁን ነፋሱን እንያዝ። መዳፋችሁን አፋችሁ ፊት አድርጋችሁ «ፐ» በሉ። መዳፋችሁን የነካው ነፋስ ነው ዲያፍራሙን «ዱፍ» የሚያደርገው። «ጠ» በሉ ደግሞ፤ ነፋሱ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሚያስቸግሯችሁ «ፐ»፣ «ፈ» እና «በ» ናቸው። ይህን ቅዱና ስሙ፦

«ፖሊሱ በበሩ በኩል ፖስታውን ፈጥኖ ተቀበለ።»

«ዱፍ» ካለ ፖፕ ፊልተሩ ብቻውን አልበቃም ማለት ነው። ማይኩን ወደ ዓይናችሁ ከፍታ አንሡትና ፊቱን ወደ አፋችሁ ዝቅ አድርጉት። ነፋሱ ቀጥ ብሎ ከሥሩ ያልፋል፤ ድምፁ ግን ይደርሰዋል። ይህ ዘዴ ለዘፋኝም ጥሩ ነው፤ ቀና ያለ አንገት ጉሮሮን አያፍንም።

ቀጥሎ ይህን ቅዱ፦

«ሰባት ሰዎች ጸጥ ብለው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።»

«ሰ»ው እንደ መርፌ ከወጋችሁ ማይኩን ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ጎን አዙሩት። እናንተ ባላችሁበት ቁሙ። ብዙ ርካሽ ማይኮች ቀጭኑን ድምፅ፣ በተለይ ከ8 እስከ 12 ኪሎኸርዝ ያለውን፣ አጋነው ያነሳሉ። ትንሽ ወደ ጎን ማዞር ያንን ያለሰልሰዋል። ሶፍትዌር ውስጥ ከመቁረጥ እዚሁ ማስተካከሉ በጣም ይሻላል፤ የቆረጣችሁት ነገር የድምፁንም ሕይወት ይዞ ይሄዳልና።

ተስማሚውን ቦታ ስታገኙ ወለሉ ላይ ከእግራችሁ ጫፍ ፕላስተር ለጥፉ። በማግስቱ የምትቀዱት ከዛሬው ጋር እንዲመሳሰል ከፈለጋችሁ ይህን አትተዉ።

## ደረጃ 6፦ ጌይኑን ለኩ

የመቅጃ ሶፍትዌሩን 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ ላይ አድርጉት። ከዚያ ሌላ እዚያ የምትነኩት ብዙ የለም። ትራኩ ሞኖ (ባለ አንድ መስመር) ይሁን።

1. ከምትቀዱት ሥራ ጩኸት የሚበዛበትን ቦታ ምረጡ።
2. እሱን በሙሉ ኃይላችሁ ዝፈኑ ወይም አንብቡ። «ሄሎ፣ ቼክ» ማለት አይቆጠርም።
3. ጌይኑን እያነሳችሁ ሶፍትዌሩ ሜትር ላይ (ዜሮ ጣሪያው ነው) ከፍተኛው ጫፍ በ-12 እና በ-10 ዲሲቤል መካከል ሲደርስ አቁሙ።
4. ደግማችሁ ሞክሩ። ቀረጻው ሲጀመር ሰው ከሙከራው ይልቅ ጮክ ማለቱ አይቀርም።

«ሜትሩ ግማሽ ላይ ነው፤ አልበዛም ወይ ክፍተቱ?» አትበሉ። በ24 ቢት ሲቀዳ ያ ክፍተት አይጎዳም፤ በኋላ ከፍ ይደረጋል። ቀዩን የነካ ግን የተቆረጠ ነው፤ አይመለስም። በተለይ «ጠ»፣ «ቀ» እና «ጨ» ነፋስ ባይኖራቸውም ድንገት ይፈነዳሉ። ሜትሩ ላይ ሹል ሆነው ስለሚወጡ ቦታ ተዉላቸው።

ማይኩ ላይ 80 ኸርዝ የሚቆርጥ ማብሪያ ካለ ለሰው ድምፅ አብሩት። የወለል ንዝረትንና የሩቅ መኪናን ይቀንሳል። 10 ዲሲቤል የሚቀንሰውን ማብሪያ ግን ለድምፅ አትንኩት፤ እሱ ለከበሮና ለመሰል ጩኸት ነው።

## ደረጃ 7፦ ሄድፎን

በስፒከር እየሰማችሁ አትቅዱ፤ ማይኩ ሙዚቃውን መልሶ ይቀዳዋል። ኢንተርፌሱ ላይ ያለውን ቀጥታ የማዳመጫ ቁልፍ አብሩና ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለውን አጥፉ። ሁለቱም ከበሩ ድምፃችሁን ሁለቴ ትሰማላችሁ። አንድ ጆሯችሁን ገልጣችሁ መዝፈን ከወደዳችሁ የተገለጠውን በኩል ጭንቅላታችሁ ላይ አጣብቁት፤ ካልሆነ ሙዚቃው ያፈተልካል።

## ደረጃ 8፦ የጸጥታ ሙከራ

እውነተኛውን ቀረጻ ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉም ነገር በቦታው እንዳለ 20 ሰከንድ ዝም ብላችሁ ቅዱ። አትተንፍሱ አልልም፤ አትንቀሳቀሱ ግን።

ሜትሩን እዩ። ድምፃችሁ -12 አካባቢ ሆኖ ጸጥታው ከ-60 በታች ከሆነ ጥሩ ነው፤ ቀጥሉ። -45 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የሆነ ነገር ይጮኻል። ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙና ምንነቱን ለዩ። ክፍሉ ውስጥ ከሆነ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። «እምምም» ወይም «ጺጺጺ» የሚል የኤሌክትሪክ ድምፅ ከሆነ ከታች ያለውን እዩ።

## ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ምንም ድምፅ የለም። 48 ቮልቱ መብራቱን እዩ። ሶፍትዌሩ ውስጥ ትክክለኛው መስኪያ መመረጡን አረጋግጡ። ኢንተርፌሱ ላይ ያለው መቀያየሪያ ከጊታር ወደ ማይክ መመለሱን እዩ። በመጨረሻ ገመዱን በሌላ ቀይሩ። ገመድ ከማይክ ይልቅ ቶሎ ይበላሻል።

ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ይመጣል። ማይኩ ደህና ነው። ትራኩን ስቴሪዮ አድርጋችሁታል። ሞኖ አድርጋችሁ አንድ መስኪያ ብቻ ምረጡለት።

«ሽሽሽ» ይበዛል። ጌይኑ መጨረሻው ላይ ደርሶ ከሆነ ከማይኩ በጣም ርቃችኋል ወይም ድምፃችሁ ለስላሳ ነው። ቅረቡና ጌይኑን አውርዱ። ጌይኑ ግማሽ ላይ ሆኖም ካልጠፋ የክፍሉን አየር መስማት ሊሆን ይችላል። ማይኩን ወፍራም ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቅልላችሁ ጥቂት ሰከንድ ቅዱ። «ሽሽሽ»ው ከቀነሰ ከክፍሉ ነው፤ ካልተለወጠ ከመሣሪያው ነው።

«እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ አለ። የመብራት ኃይል ነው። የማይኩን ገመድ ከመብራት ገመድ አርቁ፤ መተላለፍ ካለባቸው መስቀለኛ ይተላለፉ። ዕቃዎቹን ሁሉ ከአንድ ማከፋፈያ ሰኩ።

ቀጭን «ጺጺጺ» አለ፣ ማውዝ ሲንቀሳቀስ ይለዋወጣል። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ሞክሩ። ከጠፋ ጥፋቱ ከቻርጀሩ ነው፤ በባትሪ ቅዱ። ካልጠፋ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳና ሌላ ገመድ ሞክሩ።

«ጭርጭር»፣ «ጧ ጧ» የሚል መንኮሻኮሽ። ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ወዝወዝ አድርጉት። መወዝወዙን ተከትሎ የሚጮህ ከሆነ ገመዱ ነው። ካልሆነ እርጥበት ሊሆን ይችላል። ዲያፍራሙ ላይ እርጥበት ሲያርፍ ማይኩ እንዲህ ያደርጋል። ኃይሉን አጥፉና ደረቅ፣ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን አስቀምጡት። ምድጃ ላይ ወይም ፀጉር ማድረቂያ ፊት አታስጠጉት፤ የዲያፍራሙ ሽፋን እጅግ ስስ ነው።

ሜትሩ ዝቅ ብሎ ሳለ ድምፁ ይሰነጠቃል። ጌይኑ በዝቶ በሶፍትዌሩ ውስጥ የተቀነሰ ሊሆን ይችላል። የሶፍትዌሩን መጠን 0 ዲሲቤል ላይ (ሳይጨምር ሳይቀንስ) መልሱና ጌይኑን ኢንተርፌሱ ላይ አውርዱ።

ድምፁ የታፈነ፣ የራቀ ነው። ወደ ደረጃ 3። ማይኩ ጀርባውን ሰጥቷችሁ እንደሆን አረጋግጡ።

## ስትጨርሱ

1. ጌይኑን አውርዱ።
2. 48 ቮልቱን አጥፉና ግማሽ ደቂቃ ቆዩ።
3. ገመዱን ንቀሉ። ኤክስኤልአሩን ትንሿን ቁልፍ ተጭናችሁ አውጡት፤ ገመዱን ይዛችሁ አትጎትቱ።
4. ማይኩን እርጥበት ከሚመጥጠው ከረጢት፣ ማለትም ሲሊካ ጄል፣ ጋር ሳጥኑ ውስጥ መልሱት።

ሳጥን ከሌለው ስታንዱ ላይ ሳለ ንጹሕ ፌስታል ወይም ካልሲ አልብሱት። ፌስታሉን ግን ዘፍናችሁ እንደጨረሳችሁ ወዲያው አታልብሱ፤ የትንፋሻችሁ እርጥበት መጀመሪያ ይውጣ። አቧራ ቢገባበት በአፋችሁ እፍ አትበሉበት፤ ምራቅ ወደ ውስጥ ይገባል። ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሞቃት ክፍል ካስገባችሁት ደግሞ 48 ቮልቱን ከማብራታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ፖፕ ፊልተሩ ጨርቅ ከሆነ አውልቃችሁ በለብታ ውኃና በሳሙና እጠቡት፤ በደንብ ሳይደርቅ ማይኩ ፊት አትመልሱት።